ስልኩ መጀመሪያ ለማን ይደወላል? «የአውሮፓ እኩልነት ከሸፈ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ደረሰኝ። መጀመሪያ እዚህ ስቶክሆልም ካለው የዕድራችን ግሩፕ፣ ቀጥሎ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ከምንጫወትበት፣ በመጨረሻም ከዋርሳዬ። ዋርሳዬ ከሥሩ «አንብብና አፍህን ዝጋ» ብሎ ጽፎበታል። አነበብኩት። አፌን መዝጋቱ ግን አልሆነልኝም።

ጽሑፉ የአውሮፓ መንግሥታት ለጾታ እኩልነት ያወጧቸውን ፖሊሲዎችና ከጀርባቸው ያለውን ጥናት ይተቻል። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ተጽፏል። ስድብ የለበትም፣ ቁጥር ይጠቅሳል፣ ሰው በጅምላ አይፈርጅም። ስለዚህ እኔም ለጸሐፊው በአክብሮት ነው የምመልሰው።

የሚሉት ባጭሩ እንዲህ ነው። የደመወዝ ልዩነት የሚባለው የቁጥር ጨዋታ ነው፤ በትክክል ሲሰላ ይጠፋል። የምትቀረው ትንሽ ልዩነትም ሴቶች ራሳቸው ከመረጡት ኑሮ የመጣች ናት፤ ምርጫው ደግሞ ከተፈጥሮ ነው፤ ለዚህም ምስክሮቹ እኩልነት የሰፈነባቸው የስካንዲኔቪያ አገሮች ናቸው። ይህን ተፈጥሮ ለመቀየር የፈሰሰውን ገንዘብና ሕግ ውኃ በልቶታል። ይባስ ብሎ እኩልነቱ ሰው መውለድ እንዲያቆም አድርጓል፣ በሴቶች ላይ የሚደርሰውንም ጥቃት አብሷል። ስለዚህ ኢትዮጵያ እንዳትቀዳው።

በየተራ እሄድበታለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«የደመወዝ ልዩነቱ የቁጥር ጨዋታ ነው»

ዩሮስታት የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ በ2023 ሴቶች በሰዓት የሚያገኙት ክፍያ ከወንዶቹ በአማካይ 12 በመቶ ያንስ ነበር። ጸሐፊው «ይህ እኮ የባንክ ሥራ አስኪያጁን ከገንዘብ ተቀባይዋ ጋር ማነጻጸር ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው። ጥሬ ቁጥር ነው። «ሴት ለአንድ ዓይነት ሥራ 12 በመቶ ተቀንሶ ይከፈላታል» የሚል ፖስተር ካያችሁ ፖስተሩ ተሳስቷል። ይህችን ያለ ክርክር እሰጣቸዋለሁ።

ግን ጥሬ ቁጥር ማጋነን ብቻ ሳይሆን መደበቅም ይችላል። ጸሐፊው «በዚህ ስሌት ጣልያን ከጀርመን የበለጠ እኩል ናት ሊሉን ነው?» ብለው ይቀልዳሉ። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ግን መሃል ላይ ተዉት። በ2022 ልዩነቱ ጣልያን ውስጥ 4.3 በመቶ፣ ጀርመን ውስጥ 17.7 በመቶ ነበር። በዚያው ዓመት ከ20 እስከ 64 ዓመት ከሆናቸው የጣልያን ሴቶች ሥራ የነበራቸው 55 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። የቀሩት ስሌቱ ውስጥ የሉም። ሥራ ቢገቡ ዝቅተኛ ደመወዝ ያገኙ የነበሩት ብዙዎቹ እቤት ናቸው። ደካማ ተማሪዎቹን ፈተና እንዳይቀመጡ ከልክሎ «የትምህርት ቤቴ አማካይ ውጤት አደገ» የሚል ርዕሰ መምህር አስቡ። እንደዚያ ነው። ቁጥሩ ጣልያንን አስውቧታል እንጂ ጀርመንን አላጠለሻትም።

«በትክክል ሲሰላ ይጠፋል» ላሉት ደግሞ የጀርመን ስታቲስቲክስ ቢሮ ራሱ አስልቶታል። በ2023 ጥሬው ልዩነት 18 በመቶ ነበር። ሙያው፣ ትምህርቱ፣ የሥራ ሰዓቱና ደረጃው ከተስተካከለ በኋላ 6 በመቶ ሆነ። ሲሶው ቀረ ማለት ነው። አልጠፋም።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ይህ «ማስተካከል» የሚባለው ነገር ራሱ ነው። አንድ ሰው እግሩ ተሰብሮ ያነክሳል እንበል። «ስብራቱን ከስሌቱ ብናወጣው እኮ አያነክስም» ይባላል? ግማሽ ቀን መሥራት፣ የሥራ እድገት ማምለጥ፣ ዝቅ ያለ ክፍያ ያለበት ቦታ መቅረት፣ እነዚህ ከጉዳዩ የሚጸዱ ቆሻሻዎች አይደሉም። ጉዳዩ እነሱ ናቸው። የሚጠየቀው ለምን በእሷ ላይ ብቻ እንደሚደርስ ነው።

«ሴቶቹ ራሳቸው መርጠው ነው፤ ተፈጥሮም ነው»

የጽሑፉ እምብርት ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሄንሪክ ክሌቨን የሚባል ዴንማርካዊ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ከ1980 እስከ 2013 ያለውን የአገሩን መዝገብ አገላበጠ። ዴንማርክ ውስጥ የእያንዳንዱ ሰው ገቢ በየዓመቱ ይመዘገባል። ስለዚህ ወንዱም ሴቷም የመጀመሪያ ልጃቸው ከመወለዱ በፊትና ከተወለደ በኋላ ምን እንዳገኙ መከታተል ይቻላል። ሥዕሉን አንዴ ያየ አይረሳውም። ልጁ እስኪመጣ ድረስ ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ልጁ ሲወለድ የእናትየው ቁልቁል ይወርዳል። የአባትየው ንቅንቅ አይልም። ብዙ ዓመት ካለፈም በኋላ የእሷ ገቢ ከእሱ አንጻር 20 በመቶ ገደማ እንደወረደ ይቀራል።

ተመራማሪዎቹ «የልጅ ቅጣት» ብለው ሰየሙት። አገሮችን ሲያነጻጽሩ ስዊድን ላይ 26 በመቶ፣ እንግሊዝ ላይ 44፣ ኦስትሪያ ላይ 51፣ ጀርመን ላይ 61 በመቶ ሆነ። በ2023 የኢኮኖሚክስ ኖቤልን የወሰደችው ክላውዲያ ጎልዲንም የዛሬው የገቢ ልዩነት አብዛኛው ከመጀመሪያው ልጅ በኋላ እንደሚመጣ አሳይታለች። ስለዚህ ክፍተቱ ያለው ከወንድና ከሴት መካከል ይልቅ በእናትና በሌላው ሰው ሁሉ መካከል ነው።

«ታዲያ መውለድ ተፈጥሮ አይደለም ወይ?» ይላሉ ጸሐፊው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እነዚያው ተመራማሪዎችም ጠይቀውታል። በ2021 ባወጡት ጥናት በጉዲፈቻ ልጅ ያሳደጉ የዴንማርክ ቤተሰቦችን ከወለዱት ጋር አነጻጸሩ። በጉዲፈቻ የምታሳድግ እናት አላረገዘችም። አላማጠችም። ብዙውን ጊዜ አላጠባችም። ገቢዋ ግን እንደ ወለደችው ወረደ፤ በረጅም ጊዜም የሁለቱ ቅጣት አንድ ሆነ ማለት ይቻላል። የአባትየው አሁንም ንቅንቅ አላለም።

ኖርዌይ ውስጥ ደግሞ ሁለት ሴቶች አብረው ልጅ የሚያሳድጉባቸው ቤቶች ተጠንተዋል። (በጉዳዩ ላይ ያላችሁን አቋም ለጊዜው አቆዩትና ቁጥሩን ብቻ እዩ።) የወለደችው መጀመሪያ ገቢዋ ይቀንሳል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ይመለሳል። በባልና ሚስት ቤት አይመለስም። ቅጣቱ ከማህፀን የሚመጣ ቢሆን ኖሮ እዚህም ጸንቶ በቆየ ነበር።

ጀርመንን እንመልከት። ሕዝቡ አንድ፣ ቋንቋው አንድ። ለአርባ ዓመት ግን በሁለት ሕግ ኖረ። በምሥራቁ እናት ልጇን መዋዕለ ሕፃናት አስገብታ ሥራ መሄዷ የተለመደ ነበር። በምዕራቡ ሕግ እስከ 1977 ድረስ ሚስት ሥራ መግባት የምትችለው ከቤትና ከትዳር ግዴታዋ ጋር እስካልተጋጨ ብቻ ነበር። ልጇን ቶሎ ለሌላ ሰው ለምትተው እናት እንኳ ስም አላቸው፣ «ራበንሙተር» ይሏታል፣ የቁራ እናት እንደ ማለት ነው። አገሪቱ ከተዋሐደች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። በ2023 ጥሬው የደመወዝ ልዩነት በምዕራብ 19 በመቶ፣ በምሥራቅ 7 በመቶ ነበር። ከፊሉ ምክንያት በምሥራቅ የወንዶቹም ደመወዝ ዝቅ ያለ በመሆኑ ነው፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ግን አንድ ተፈጥሮ ያላቸው ሴቶች ድንበር በነበረበት መስመር ግራና ቀኝ ይህን ያህል መለያየታቸውን «ተፈጥሮ» የሚለው ቃል አያስረዳም።

ጸሐፊው የሚመኩበት ጥናት ስቱትና ጊሪ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2018 ያወጡት ነው። እኩልነት በሰፈነባቸው አገሮች ሴቶች ወደ ሳይንስና ኢንጂነሪንግ ይበልጥ አይሄዱም፣ እንዲያውም ያንሳሉ ይላል። ጸሐፊው ያልነገሩን ነገር አለ። በ2019 ጥናቱ ላይ ረጅም ማረሚያ ወጥቶበታል፤ ሌሎች ተመራማሪዎች በተነገረው መንገድ ቢያሰሉት ያው ውጤት አልመጣላቸውም። መለኪያው ሲቀየር ድምዳሜውም ተነቃነቀ። በሌላ በኩል፣ በ2018 የወጣ፣ በ76 አገሮች 80 ሺህ ሰው ተጠይቆ የተሠራ ጥናት በሀብታም አገሮች የወንድና የሴት ዝንባሌ ይበልጥ እንደሚራራቅ አሳይቷል። ስለዚህ ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አይደለም። ግን አንዲት ልጅ ሥነ ልቦናን ከኢንጂነሪንግ ስለመረጠች፣ ሥነ ልቦናውን ተምራ ስትወልድ ደመወዟ የሚወድቅበትን ምክንያት አናገኝም። ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ጽሑፉ አንድ ላይ ደባልቋቸዋል።

አሁን ወደ ራሴ ቤት። ባለቤቴ ነርስ ናት። ዋርድ ውስጥ ስልክ አትይዝም። ስለዚህ እዚህ ሁላችንም «ዳጊስ» በምንለው የሕፃናት መዋያ ልጃችንን ስናስመዘግብ፣ የሚደወልበትን ቁጥር የኔን አንደኛ፣ የእሷን ሁለተኛ አድርገን ሞላን። እኔ ከቤት ነው የምሠራው፤ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። አንድ ቀን ልጁ አተኮሰው። ለማን ደወሉ? ለእሷ። ሳታነሳ ስትቀር ደግመው ለእሷ። ሦስተኛውን አንድ የሥራ ባልደረባዋ ሰምታ ጠራቻት፣ እሷ በድንጋጤ ወጥታ ለኔ ደወለች፣ እኔ ጃኬቴን ሳልዘጋ ሮጥኩ። የሞላነው ወረቀት ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ነው። በትሕትና ጠየቅኳት አስተማሪዋን። ቀና ብላ ወረቀቱን አየች፣ ፊቷ ቀላ፣ «ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብን ነው» አለች።

ክፋት የለበትም። አንድ ስልክ ጥናት አለመሆኑንም አውቃለሁ። ግን «ምርጫ» የሚባለው ነገር ከእንዲህ ዓይነቱ ስልክ ስንት መቶው ተጠራቅሞ እንደሚሠራ አሰብኩ። ስዊድን ውስጥ ልጅ ሲታመም እቤት የሚቀር ወላጅ ከደመወዙ 80 በመቶ ገደማ ይከፈለዋል። ይህን «ቫብ» ይሉታል። ጉንፋን የሚበረታባትን ፌብሩዋሪን እንዲያውም «ቫብሩዋሪ» እያሉ ይቀልዱባታል። ሕጉ ለእናትም ለአባትም አንድ ነው። ከቀኖቹ ግን 60 በመቶ ያህሉን የሚወስዱት እናቶች ናቸው። (ዋርሳዬ በዚህ ይበልጠኛል። ያን ጽሑፍ የላከልኝ ራሱ ቫብ ላይ ሆኖ ነው።)

«ገንዘቡንና ሕጉን ውኃ በላው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ከገመቱት በላይ እስማማለሁ። እንዲያውም ያልጠቀሱትን ልጨምርላቸው።

ኦስትሪያ ውስጥ የስድሳ ዓመት የቤተሰብ ፖሊሲ ተመርምሮ ነበር፤ ክሌቨን እዚያም አለበት። የፈቃድ ጊዜ ተራዘመ፣ መዋዕለ ሕፃናት ተስፋፋ። የወንድና የሴትን ገቢ በማቀራረብ በኩል ግን ውጤቱ ከምንም የማይሻል ሆኖ ተገኘ። ኖርዌይ በ2003 ባወጣችው ሕግ ትልልቅ ኩባንያዎች የዲሬክተሮች ቦርዳቸው ቢያንስ 40 በመቶ ሴት እንዲሆን አስገደደች፤ የመጨረሻው ቀን 2008 ነበር። ቦርዱ ላይ የገቡት ሴቶች ብቁ ነበሩ። ከሥር ላሉት የኩባንያው ሴት ሠራተኞች ግን የወረደላቸው ነገር አልታየም። ዴንማርክ በ2006 ባወጣችው ሕግ ኩባንያዎች የወንድና የሴት ደመወዝን ለይተው እንዲያሳውቁ አዘዘች። ልዩነቱ ጠበበ፤ የጠበበው ግን በዋናነት የወንዶቹ ጭማሪ ስለቀዘቀዘ ነው። ሴት ሠራተኛዋ ኪስ ውስጥ ብዙም አልገባ።

ከዚህ ግን «ተፈጥሮ ነውና ተዉት» አይወጣም። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለም። የኦስትሪያውን ፖሊሲ ደግሞ ቀረብ ብላችሁ እዩት። በ1990 የተከፈለበት ፈቃድ ከአንድ ዓመት ወደ ሁለት ዓመት ሲያድግ የወሰዱት ከሞላ ጎደል እናቶች ናቸው። እናትን ለሁለት ዓመት እቤት አስቀምጠህ ለምን ገቢዋ አልተስተካከለም ብሎ መገረም ምን ይባላል?

ስዊድን በ1974 የእናቶችን የወሊድ ፈቃድ ወደ ወላጅነት ፈቃድ ስትቀይር በዓለም የመጀመሪያዋ ነበረች። አባቶች የወሰዱት ግን ከጠቅላላው ቀን አንድ በመቶ እንኳ አልሞላም። መብቱ ወረቀት ላይ ብቻ ነበር። በ1995 አንድ ወር ለአባት ብቻ ተለየ፤ ካልወሰደው ይቃጠላል። ከዚያ በፊት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አባቶች አንድም ቀን አይወስዱም ነበር። ከሕጉ በኋላ ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ወረዱ። በ2002 ሁለተኛ፣ በ2016 ሦስተኛ ወር ተጨመረ። ዛሬ አባቶች ከፈቃዱ 30 በመቶ ያህሉን ይወስዳሉ። የወንድ ተፈጥሮ በአንድ ሕግ ሌሊቱን አይለወጥም። የተለወጠው ለአለቃህ የምትሰጠው ምክንያት ነው። «ልወስድ እፈልጋለሁ» ማለትና «ካልወሰድኩት ይቃጠላል» ማለት አለቃ ፊት አንድ አይደሉም። እኔ ሁለተኛውን ብዬ ነው የወጣሁት።

ሆኖም ታማኝ ልሁን። በዚያው የ1995 ሕግ ላይ የተሠራው ጥናት ሌላም ነገር አግኝቷል። ያቺን ወር የወሰዱት አባቶች በኋላ ልጁ ሲታመም እቤት በመቅረት ከሌሎቹ አልበለጡም። ስልኩ አሁንም ለእናት ይደወላል ማለት ነው። አንድ ወር ያን አይሰብርም።

«እኩልነት መውለድን አስቀረ»

ይህ አጭር መልስ ይበቃዋል። በ2023 አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው አማካይ የልጅ ቁጥር ጣልያን ውስጥ 1.20፣ ስፔን ውስጥ 1.12 ነበር። ፈረንሳይ 1.66። ከአውሮፓ ወጥተን ደቡብ ኮሪያን ብናይ 0.72። የቤት ሥራው ሁሉ ሴቷ ላይ የሚወድቅባቸው ጣልያንና ኮሪያ በልጅ ብዛት አልበለጡም።

ልክ ነው፣ የሰሜኖቹም ወርዷል። ፊንላንድ በ2010 ከነበረችበት 1.87 በ2023 ወደ 1.26 ወርዳለች። ስዊድንም ወርዳለች። ግን ስዊድን የወላጅነት ፈቃዱን ያወጣችው በ1974 ነው። በ2010 ቁጥሯ ሁለት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። እኩልነት ልጅ የሚያስቀር መርዝ ከሆነ 36 ዓመት ሙሉ ምን ይጠብቅ ነበር?

«በእኩልነት አገር ጥቃት ይብሳል»

ጸሐፊው የጠቀሱት ቁጥር ትክክል ነው። በ2014 በወጣው የአውሮፓ ኅብረት ጥናት ከ15 ዓመታቸው ወዲህ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል ያሉት ሴቶች ዴንማርክ ውስጥ 52፣ ፊንላንድ 47፣ ስዊድን 46 በመቶ ሲሆኑ ፖላንድ ውስጥ 19 በመቶ ነበሩ።

«ገመና» የሚለው ቃል ያለበት ቋንቋ የሚናገር ሰው ግን ይህን ቁጥር እንዳለ መዋጥ ያለበት አይመስለኝም። ቤታችን በር አንኳኩቶ «ባልሽ መቶሽ ያውቃል?» ለሚል እንግዳ ሰው አክስቶቻችን ምን ይመልሱ ነበር? «ኧረ በስመ አብ!» ከዚያ ቡና ታቀርብለታለች። የተጠየቀችው ሴት ምን እንደ ጥቃት ትቆጥራለች፣ ለማንስ ትናገራለች የሚለው ከአገር አገር ይለያያል።

ሆኖም «ልዩነቱ ሁሉ ከመናገር የመጣ ነው» ማለትም ስንፍና ነው። የስዊድንና የስፔን ሴቶች ጥያቄዎቹን በተመሳሳይ መንገድ እንደሚረዷቸው ያጣሩ ተመራማሪዎች ከዚያም በኋላ ስዊድን ከፍ ብላ አግኝተዋታል። ስለዚህ እዚህ እውነተኛ ችግር አለ፤ የስዊድን ሰዎችም ሊያፍሩበት ይገባል። ግን እኩልነት ነው ያመጣው ለማለት አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልጋል፤ እኩልነት በሌለበት ጥቃቱ ማነስ አለበት። በ2024 የወጣውን አዲሱን ጥናት እዩ። ፊንላንድና ስዊድን አሁንም ከላይ ናቸው። ከእነሱ ብዙ ሳትርቅ ግማሽ ገደማ ይዛ የተቀመጠችው ግን ሃንጋሪ ናት። ሃንጋሪ በኅብረቱ የጾታ እኩልነት መለኪያ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ያለች አገር ናት።

«ኢትዮጵያ እንዳትቀዳው»

ማንም ሙሉውን ቅዱ አላለም። በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችን፣ ቁጥር 1156፣ ለወለደች ሠራተኛ 120 ቀን፣ ለአባት ሦስት ቀን ይሰጣል። አገር ቤት ሦስቱ ቀን ላያስጨንቅ ይችላል። እናት አለች፣ አክስት አለች፣ ጎረቤት አጥሚቱን ይዛ ትመጣለች፤ አባት እንግዳ ይቀበላል። እዚህ ስቶክሆልም አጥሚቱን ያፈላሁት እኔ ነኝ፣ እናቴ በቪዲዮ «አማስል! አማስል! ጓጎለብህ» እያለች። በፈቃዴ አራተኛ ወር ላይ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የኔ ልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ከሥራ አባረሩህ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንዳልተባረርኩ ለማሳመን የደመወዝ ወረቀቴን ካሜራው ላይ ማሳየት ነበረብኝ። አዲስ አበባም ውስጥ ቢሆን ያ አክስትና ጎረቤት የሌለበት ኮንዶሚኒየም ብዙ ነው።

ጸሐፊው ለዚህ መልስ ቢጽፉ ደስ ይለኛል፤ አነበዋለሁ። ሌላውን ሁሉ ቢተዉትም አንዲት ጥያቄ እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ያላረገዘችው፣ ያላማጠችው፣ ልጇን በጉዲፈቻ ያሳደገችው የዴንማርክ እናት ገቢዋ ለምን ወረደ? የባሏስ ለምን አልወረደም?